የእንፋሎቱ ጎማ መጨረሻው የት ነው?

ዳቦ ጋጋሪው፣ ደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ ገበያ አጠገብ አነስተኛ ዳቦ ቤት አለኝ። መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይኮመጥጥብኛል፤ የማገዶው ዋጋም የሚቀመስ አልሆነም። ባለፈው ቅዳሜ የአጎቴ ልጅ ኮምቦልቻ ወደሚገኝ አንድ ሆቴል ይዞኝ ወረደ። አንድ ሰው ከጀበና ብዙም የማይበልጥ የብረት ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ፀሐይ ውስጥ ያለው የኑክሌር ውህደት እዚህ ውስጥ ይካሄዳል» አለን፤ የአቶም አስኳሎች ተዋህደው ሙቀት የሚሰጡበት ማለቱ ነው። ዕቃው ሶኬት ላይ ተሰክቷል። በቀጭን ቱቦ በሰዓት 8 ሊትር ውሃ ይገባል፤ በሌላው በኩል በጥቁር ጎማ እንፋሎት ይወጣል። ከመብራት 1 ኪሎዋት ወስዶ ወደ 6 የሚጠጋ ይሰጣል ተባልን። ቴርሞሜትሩ 94 ዲግሪ ሲያሳይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንፋሎቱም መነጽሬን ሸፍኖታል። ድርሻ ለመግዛት ምዝገባው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ምን ብዬ ብጠይቅ እውነቱ ይገለጥልኛል?

ቦይለረኛው፣ ኮምቦልቻ፦
አብሽር ልጄ፣ ገና አልከፈልክም። ሠላሳ ዓመት ያህል በፋብሪካ ቦይለር ሥር ኖሬያለሁ። ስለ ውህደቱ አላውቅም፤ እንፋሎትን ግን አውቀዋለሁ።

ኮምቦልቻ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ደሴ ወጥተህ ብትጥደው በ92 ይፈላል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ የነገረህ ውሃው መፍላቱን ብቻ ነው፤ ምን ያህሉ እንደተነነ አልነገረህም።

ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት 310 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ የፈላ ውሃ እንፋሎት ለማድረግ ግን ሌላ 2,270 ያህል ይፈልጋል። ሰውየው 8ቱም ሊትር ተንኗል ብሎ ካሰላ 5.7 ኪሎዋት ያገኛል። ያ ነው የአንተ 6። አሁን ውህደቱን ተወውና በተራ የ1 ኪሎዋት ምድጃ አስላው፦ 0.7ው ውሃውን ያፈላል፣ በተረፈው 0.3 ግማሽ ሊትር ያህል ይተናል፣ ሰባት ሊትር ተኩሉ ፍል ውሃ እንደሆነ በጎማው ይፈስሳል። ግማሽ ሊትሩ ብቻውን መነጽር ለመሸፈን ይበቃል።

የጎማው መጨረሻ የት ገባ?

ዳቦ ጋጋሪው፣ ደሴ፦
ጋሼ፣ ጫፉን ከፍ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ያህል አሳዩን። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ሰደዱት። ውሃ ሲንጠባጠብ ግን አላየሁም።

ቦይለረኛው፣ ኮምቦልቻ፦
በአንድ ደቂቃ የሚገባው ውሃ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው። ጫፉ ወደ ላይ ሲነሣ በጎማው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ከዚያ ወደ ፍሳሹ!

በርሜል ይዘህ ውረድ። መቶ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምርበት፣ የጎማውን ጫፍ እዚያ ውስጥ ንከር፣ አንድ ሰዓት ጠብቅ። በሶኬቱና በዕቃው መካከል የራስህን ቆጣሪ አስገባ፣ የእነሱን አትመን። ወደ አየር የሚያመልጠውን ትተን፣ 1 ኪሎዋት ከሆነ በርሜሉ 8 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ 6 ከሆነ 48። እርጥብ እንፋሎት ይሁን ደረቅ፣ በርሜሉ ሁሉንም ይቆጥራል። እጅህን ነክረህ ልታውቀው ትችላለህ።

የፊዚክስ መምህርቷ፣ ደሴ፦
ጋሼ ሙቀቱን ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ኒውትሮኑ፣ ማለትም ውህደት ሲካሄድ ከአስኳል ስለሚፈናጠረውና ሰውነትን ስለሚጎዳው ቅንጣት፣ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 ፍላይሽማንና ፖንስ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ዩታ ውስጥ ጋዜጠኞችን ሰብስበው፣ ፓላዲየም የተባለ ብረት በከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ ዲዩቴሪየም የተባለው ከባዱ ዓይነት በሆነ ውሃ) ውስጥ ነክረን ውህደት አገኘን አሉ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሲሞክሩት ውጤቱን መድገም አልቻሉም፤ ኒውትሮኑም ጠፋ። ሁለት የዲዩቴሪየም አስኳሎች ሲዋሃዱ በግማሹ ያህል ጊዜ ኒውትሮን ይወጣል። ለ1 ዋት ብቻ በሴኮንድ ወደ አንድ ትሪሊዮን ይጠጋል። ያ ዕቃ በዚህ መንገድ 5 ኪሎዋት ትርፍ ቢሰጥ ኖሮ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት በጤና ወደ ቤታቸው ባልተመለሱ። «የእኛው ኒውትሮን አያወጣም» ካሉ፣ እሺ፣ አመዱን ያሳዩና፤ ምን ከምን ጋር ተዋህዶ ምን ሆነ?

ለነገሩ ውህደት ጠረጴዛ ላይ መካሄዱ ራሱ ሐሰት አይደለም። ፊውዘር የሚባለውን መሣሪያ ጋራዣቸው ውስጥ የሠሩ አማተሮች አሉ፤ ግን ከሚሰጠው እጅግ የበለጠ ይበላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ 2.05 ሜጋጁል ሌዘር 3.15 ሜጋጁል ውህደት ሰጠ፤ ሌዘሩ ከመስመር የሳበው ግን 300 ያህል ነበር። እነዚያ ሰዎች 300ውን አልደበቁም።

ዳቦ ጋጋሪው፣ ደሴ፦
ዛሬ በርሜሉን ጭኜ ወርጄ ነበር። ሰውየው «የባለቤትነት ፈቃድ እስኪወጣ መለካት ክልክል ነው» አለኝ። ማሽኑን ክፈቱልኝ አላልኩም፣ ጎማውን ብቻ ነው የጠየቅኩት። የአጎቴ ልጅ ግን ለካስ ሐሙስ ዕለት 20,000 ብር ቀብድ ከፍሏል፤ አሁን ስልኬን አያነሣም።

ቦይለረኛው፣ ኮምቦልቻ፦
ደረሰኝ ተቀብሎ እንደሆነ በእናቱ በኩል አስጠይቀው። በርሜሉን እኔ ጋ አሳድረው፤ ሰኞ አብረን እንሄዳለን።