የስኳር ሕመምተኛ በአንድ ሐኪም ብቻ መታየቱ ምን ያህል ይጠቅማል?

የአጋሮ ልጅ፦
እናቴ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ከያዛት ዓመታት አልፈዋል፤ ክትትሏም ጅማ ከተማ ባለ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ነው። ሜትፎርሚን ትውጣለች፤ ማታ ማታም ኢንሱሊን ትወጋለች። የሚያሳስበኝ በየቀጠሮው የምታገኘው ሐኪም የተለያየ መሆኑ ነው። አንዱ የኢንሱሊኑን መጠን ከፍ ያደርግላታል፤ ቀጣዩ ደግሞ ምክንያቱ ካርዱ ላይ ስላልተብራራ የዚያን ጠዋት ውጤት ብቻ አይቶ መልሶ ይቀንሰዋል። እርሷም ታሪኳን ከመጀመሪያ መናገር ስለሰለቻት መልሷ «ደህና ነኝ» ብቻ ሆኗል። በግል ክሊኒክ አንድ ሐኪም ብንይዝላት ይሻላል ወይስ የጤና መድኅኗ በሚሸፍንላት ቦታ ትቆይ?

የክትትል ክፍል ነርስ፦
ጠዋት በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር የሚናገረው ስለዚያች ጠዋት ነው፤ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየው ኤ ዋን ሲ የተባለው የደም ምርመራ ነው። ሕመምተኛውን የሚያውቅ ሐኪም ከፍ ያለ ቁጥር ሲያይ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ኢንሱሊኑ ቤት ውስጥ የት እንደሚቀመጥ፣ መርፌው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እየተወጋ ቆዳው ደንድኖ እንደሆነ፣ ሌሊት ያልባቸው እንደሆነ ይጠይቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነው። በየዓመቱ መደረግ ያለባቸው የዓይን፣ የእግርና የኩላሊት ምርመራዎች ሐኪም በተቀያየረ ቁጥር «ያለፈው ሠርቶታል» በሚል ግምት ይታለፋሉ፤ ጉዳቱ ደግሞ እስኪገፋ ድረስ ብዙ ጊዜ አይሰማም። በማስተማሪያ ሆስፒታል ሬዚደንቶች፣ ማለትም ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ በየክፍሉ ስለሚዘዋወሩ አንዱን ሐኪም ለዓመታት ማግኘት ይከብዳል። ቢሆንም ቀጠሮ ሲመዘገብ «በዚያው ሐኪም ቀን ይሁንልን» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ እባክዎ ይጠይቁ።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ጅማ፦
እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ክለሳ 22 ጥናቶችን መርምሮ፣ በ18ቱ ከአንድ ሐኪም ጋር የቆየ ክትትል ከሞት መቀነስ ጋር ተያይዞ አግኝቶታል። ክለሳው ስኳርን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ መያያዙም ብቻውን መንስኤነትን አያረጋግጥም፤ በጠና የታመመ ሰው ቀድሞውንም ብዙ ሐኪም ዘንድ ይሄዳልና። እኔ በበኩሌ ጥቅሙን አልጠራጠርም፤ ለእርሱ ሲባል የጤና መድኅንን መተውን ግን አልመክርም። የግል ክሊኒክ ሐኪምም ሥራ ይለቃል፤ ኢንሱሊን በገንዘብ እጥረት ለአንድ ሰሞን እንኳ ቢቋረጥ ደግሞ ጉዳቱ ሐኪም ከመቀያየሩ ይብሳል። አንድ ደብተር ይግዙና ሐኪሙ መጠኑን ብቻ ሳይሆን የለወጠበትን ምክንያት እንዲጽፍበት በየቀጠሮው ይጠይቁ።

የሄርማታ ነዋሪ፦
እኔም የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ የአንድ ሐኪም ጥቅም የታወቀኝ በረመዳን ነው። መጾም የሚፈልግ ሰው ከወር ከሁለት ወር አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ይዛወራል፣ የኢንሱሊኑም መጠን ይስተካከላል፤ ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደም ጾሙን መፍታት ይገባዋል። የእኔ ሐኪም ባለፈው ጾም በየትኛው ሰዓት ይወርድብኝ እንደነበር ስለሚያውቅ የዘንድሮው ምክክራችን ከዚያ ጀመረ። እናትዎም የሚጾሙ ከሆነ፣ ሁዳዴም ይሁን ረመዳን፣ ይህ ደብተሩ ላይ ይስፈር።

የአጋሮ ልጅ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ መድኅኗን አንተውም፣ ደብተሩንም እንጀምራለን። እናቴን ስጠይቃት እግሯን የመረመራት ሐኪም እስካሁን እንደሌለ ነገረችኝ። ሲስተር፣ ይህ ምርመራ ምን ይመስላል? ሌላ ዝግጅት ያስፈልገዋል?

የክትትል ክፍል ነርስ፦
ዝግጅት አያስፈልገውም። ጫማና ካልሲያቸውን አውልቀው መርማሪው ቆዳውንና የጣቶቹን መሐል ያያል፣ የእግራቸውን የደም ሥር ምት ይዳስሳል፣ በቀጭን የናይሎን ክርም መርገጫቸው መንካቱ ይሰማው እንደሆነ ይፈትሻል። እስከዚያው ማታ ማታ እግራቸውን እርስዎ ይዩላቸው፤ ቁስል ካዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘዋቸው ይምጡ።