ውሃና ዘይቱ የሚለያይ ሎሽን፦ የቱን ኢመልሲፋየር (ውሃና ዘይትን የሚያያይዝ ነገር) ልጠቀም?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለደረቅ ቆዳ የሚሆን የሰውነት ሎሽን ነው፦ ውሃ 70 ግራም፣ የወይራ ዘይት 18፣ ሺአ ቅቤ 8፣ የንብ ሰም 4፣ እንዳይበላሽ ደግሞ ጥቂት ጠብታ ቫይታሚን ኢ። ሲሠራ ነጭና ለስላሳ ነው፤ ሁለት ቀን ሳይሞላው ግን ውሃው ከሥር ይጠራቀማል። ቅባቱ ቆዳ ላይ ቶሎ አይጠፋም፣ አሸዋ የመሰለ ነገርም ይዳሰሳል። ሰሙን ልጨምር ወይስ ሌላ ነገር ይጎድለዋል? ከተፈጥሮ ባይርቅ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ሰሙን አትጨምሪ። የንብ ሰም ያወፍራል እንጂ ብቻውን ውሃና ዘይትን አያስተሳስርም። ብሌንደሩ የበታተናቸው ጠብታዎች ቀስ በቀስ ተገናኝተው ይለያያሉ፤ ሰም መጨመር ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

የጎደለሽ ኢመልሲፋየር ነው፤ ለጀማሪ ስህተትን የሚችለው ኢመልሲፋይንግ ዋክስ ኤንኤፍ ነው። መጠኑ የዘይቱ ክፍል ሩብ ያህል ነው፤ ነገር ግን ፖሊሶርቤት 60 የተባለ በፋብሪካ የሚሠራ ማያያዣ ስላለበት ተፈጥሯዊ ለሚሹ አይመችም። ለአንቺ የምመርጠው ኦሊቨም 1000 ነው፦ ከወይራ ዘይት የተገኘ፣ ቆዳ ላይ ቀለል የሚል። ሙቀት ካነሰው ግን በደንብ አይያያዝም፤ ስለዚህ በሁለት ማወፈሪያዎች፣ በ2 በመቶ ሴቲል አልኮልና በ0.2 በመቶ ዛንታን ገም፣ ደግፊው።

ሌላውን ኢመልሲፋየር፣ ግሊሰሪል ስቴሬትን፣ ስትገዪ መለያው ላይ «ኤስኢ» (ራሱን ችሎ የሚያያይዝ) መኖሩን እዪ። እሱ የሌለው ብቻውን ሎሽን አይዝም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤስኢውም ቢሆን በውስጡ ሳሙና ስላለ የሎሽኑ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) በጣም ሲወርድ ይደክማል።

መልስ 2፦
በቅባቱ በኩል፣ 26 ግራም የወይራ ዘይትና ሺአ ለሎሽን ከባድ ነው። ወይራው ቆዳ ላይ ይቆያል፤ ግማሹን ቀለል ባሉት የጆጆባ ወይም የስኳሌን ዘይት ብትተኪው ቶሎ ይደርቃል። የሱፍ ዘይትም ቀላል ነው፤ ግን ቶሎ በአየር ስለሚበላሽ ቫይታሚን ኢ የሚጠቅመው እዚያ ነው። ስቴሪክ አሲድ ለማወፈር ይመከራል፣ ሆኖም ሲቀባ ነጭ መስመር ይተዋል፤ ሴቲል አልኮል ይሻላል።

አሸዋው ከሺአው ነው። ቅቤው በዝግታ ሲቀዘቅዝ ጠንካራው ስብ ተለይቶ ይረጋል። ሙሉ በሙሉ አቅልጠሽ በቶሎ አቀዝቅዢው፣ መጠኑንም ወደ 3 ግራም አውርጂ።

መልስ 3፦
ሁለቱን መልሶች ለ100 ግራም ላዋህዳቸው፦ ዲስቲልድ ውሃ 73.8፣ ግሊሰሪን 3፣ ዛንታን 0.2፣ ጆጆባ 6፣ ወይራ 6፣ ሺአ 3፣ ሴቲል አልኮል 2፣ ኦሊቨም 5፣ ፕሪዘርቫቲቭ (ከባክቴሪያና ከሻጋታ የሚጠብቅ) 1። ሁሉንም በሚዛን እንጂ በማንኪያ አትለኪ።

ዛንታኑን አስቀድመሽ በግሊሰሪኑ ለውሺው፤ በቀጥታ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። የውሃውንና የዘይቱን ክፍል ለየብቻ እስከ 75 ዲግሪ አሙቂ፤ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሲገናኙ ኦሊቨሙና ሴቲል አልኮሉ ይረጉና መያያዙ ይበላሻል። የተነነውን ውሃ በትኩስ ውሃ ተክተሽ ደባልቂ፣ 2 ደቂቃ በእጅ ብሌንደር ፍጪ፣ ከዚያ እስከ 40 ዲግሪ በማንኪያ እያማሰልሽ አቀዝቅዢ።

ቫይታሚን ኢ ባክቴሪያና ሻጋታ አይከላከልም፤ የዘይቱን በአየር መበላሸት ብቻ ያዘገያል። ውሃ ያለበት ሎሽን እውነተኛ ፕሪዘርቫቲቭ የግድ ይፈልጋል። በፌኖክሲኢታኖልና በኢቲልሄክሲልግሊሰሪን የተዘጋጀው ከ40 ዲግሪ በታች 1 በመቶ ይገባል። ፖታሲየም ሶርቤት ከመረጥሽ ፒኤቹ ከ5.5 በታች መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ ግሊሰሪል ስቴሬት ኤስኢን ተዪው።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። ጆጆባ ካጣሁ ስኳሌን በዚያው መጠን ይገባል?

መልስ 3፦
ይገባል፣ ግራም በግራም። ኦሊቨሙን ግን አትቀንሺ።