ለአማቾች ግብዣ የሚያኮራ፣ ኪስ የማይጎዳ ወይን አለ?

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ልጄ ሊያገባ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ይመጣሉ። ፈረንጆች ናቸው፤ አባትየው ወይን ያውቃል ተብሏል። እኔ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና አልጫ እሠራለሁ። ባለቤቴ ጠርሙሱ መቶ ዶላር ካላወጣ ያሳፍረናል ብሎ ድርቅ ብሏል። አሥራ ሁለት ሰው ነው የምንሆነው። ስናሰላው የቤት ክፍያችንን ሊነካ ነው። ከ40 ዶላር ብዙም ሳያልፍ፣ አዋቂ ፊት የሚቀርብ ወይን ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ዲሲ ውስጥ ወይን መሸጫ ሱቅ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አለ። ያውም ወይን አዋቂ ጠርሙሱን ገና ሲያይ ፊቱ የሚበራበት ወይን አለ።

መቶ ዶላር የሚባለው ወይን ዋጋው ሁሉ ከጠርሙሱ ውስጥ የመጣ አይደለም። መሬቱ በውድ ተገዝቶ የባንክ ዕዳ አለበት፣ ወይም ስሙ ፋሽን ሆኗል። በሌላ በኩል ደግሞ መሬታቸውን ከጥንት ጀምሮ ይዘው የቆዩ፣ በብዛት የሚያመርቱ፣ ስማቸውን ጠብቀው ዋጋቸውን ያላናሩ ቤቶች አሉ። እኔ ሁልጊዜ ሰው የምልከው ወደ እነሱ ነው።

ለቀዩ ወይን ስፔን ይሂዱ፣ ሪዮሃ የሚባለው አውራጃ። እዚያ ሃሮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ እየበላ ሲያጠፋው፣ ነጋዴዎቹ ወይን ፍለጋ ወደ ሪዮሃ ወረዱ። ሃሮ ባቡር ስለነበራት አምራቾቹ ጣቢያው ዙሪያ ሰፈሩ። ሎፔዝ ደ ኤሬዲያ እ.ኤ.አ. በ1877፣ ላ ሪዮሃ አልታ በ1890 ተመሠረቱ። ሁለቱም ዛሬም እዚያው ጣቢያው ሰፈር ናቸው። በርሜላቸውን ሳይቀር በራሳቸው አናጢዎች ነው የሚያሠሩት።

የእኔ ምርጫ የላ ሪዮሃ አልታ «ቪኛ አርዳንዛ» ነው። ሦስት ዓመት ገደማ ኦክ ከሚባል የአሜሪካ እንጨት በተሠራ በርሜል ይቆያል፣ ከዚያ ጠርሙስ ውስጥም ያርፋል። ሌላው አምራች ትናንት የጠመቀውን ይሸጥልንና «አሥር ዓመት አስቀምጡት» ይለናል። ማን አስቀምጦ ይችላል? እነዚህ ግን ራሳቸው አቆይተው፣ ለመጠጥ የደረሰውን ነው የሚያወጡት። እኛ አካባቢ ከ35 እስከ 45 ዶላር አገኘዋለሁ። ቡሹን ነቅለው ትንሽ ሲታገሱት የደረቀ ቼሪ ይሸታል፣ ቀጥሎ ቫኒላ፣ ሥር ሥሩን ደግሞ ቆዳ። ባለፈው የፋሲካ ማግስት ለብ ለብ ካለ ክትፎ ጋር ጠጣነው። ቅቤው ወይኑን አለሰለሰው፣ የኮሰረቱ ሽታና የበርሜሉ ሽታ አንድ ላይ ገጠሙ። ባለቤቴ ወይን የማትወድ ሴት ናት፤ ብርጭቆዋን መልሳ ዘረጋች።

ዋጋው ከከበደ «ቪኛ አልቤርዲ» የሚባለው ታናሽ ወንድሙ 25 ዶላር አካባቢ ነው።

ሁለተኛው ጣሊያን ነው። ይህን ታሪክ ለአባትየው ቢነግሩት ደስ ይለዋል። ባርባሬስኮ የምትባል የፒዬሞንቴ መንደር አለች። ገበሬዎቿ ኔቢዮሎ የሚባል ምርጥ ወይን ያበቅላሉ፤ ግን ድሆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 የመንደሩ ቄስ ዶን ፊዮሪኖ ማሬንጎ 19 ገበሬዎችን ሰብስበው የኅብረት ሥራ ማህበር አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ወይን የጠመቁት ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ነው። «ፕሮዱቶሪ ዴል ባርባሬስኮ» ይባላል። ዛሬ ወደ 50 የሚሆኑ ቤተሰቦች አሉበት። አባላቱ ኔቢዮሏቸውን በሙሉ ለማህበሩ ነው የሚያስገቡት፣ የሚከፈላቸውም በጥራቱ ነው። ጥሩ ዓመት ሲሆን ከዘጠኝ ምርጥ ማሳዎች ለየብቻ «ሪዜርቫ» የሚባል ልዩ ወይን ያወጣሉ። ዓመቱ ካላማረ ሪዜርቫውን ትተው የእነዚያን ማሳዎች ፍሬ ከተራው ባርባሬስኮ ጋር ይቀላቅሉታል። ስለዚህ «መጥፎ ዓመት ነው» ሲባል አይሽሹ፤ እኔ ያኔ ነው የምገዛው። ተራው ከ40 ትንሽ ከፍ ይላል። «ላንጌ ኔቢዮሎ» የሚለው ርካሹ ወይናቸው ግን ከ25 እስከ 30 ነው።

አሁን ወደ ዶሮ ወጡ። እባክዎ ከዶሮ ወጥ ጋር ቀይ ወይን አይስጧቸው። በርበሬ ከአልኮልና አፍ ከሚያደርቀው የቀይ ወይን ታኒን ጋር ሲገናኝ ያቃጥላል፤ እንግዶቹ ያልባቸዋል። አባቶቻችን ዶሮ ወጥን በጠጅ ሲያወራርዱ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ቃጠሎውን የሚያበርደው ጣፋጭነቱ ነው። ከፈረንጅ ወይን ለጠጅ ቦታ የሚሆነው ሪስሊንግ የሚባለው የጀርመን ነጭ ወይን ነው። ከሞዘል አውራጃ «ዜልባኽ ኦስተር»ን፣ ከናሄ አውራጃ «ዶንሆፍ»ን ይጠይቁ። ሁለቱም አንደኛ ደረጃ አምራቾች ናቸው፤ ከ25 እስከ 35 ዶላር ይገኛሉ። የሞዘል ቁልቁለት ትራክተር የማይወጣው ገደል ስለሆነ ብዙው ሥራ በእጅ ነው። ይህን ሁሉ ለፍተው በዚህ ዋጋ መሸጣቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጠርሙሱ ላይ «ካቢኔት» የሚል ይፈልጉ። «ትሮከን» ካለ ጣፋጭነት የለውም፣ ይተዉት።

እርስዎ ቨርጂኒያ ስለሆኑ ሱፐርማርኬትም ወይን ያገኛሉ፤ እኛ ሜሪላንድ አብዛኛው ሱፐርማርኬት አይሸጥም። እነዚህን ግን ወይን ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ይጠይቁ። ከሌላቸው ያስመጡልዎታል። 12 ጠርሙስ ሲገዙ፣ የተቀላቀለም ቢሆን፣ ብዙ ሱቅ ቅናሽ ያደርጋል። መስኮት ላይ ፀሐይ የሚመታውን ጠርሙስ አይውሰዱ። እኔ ገና አሜሪካ እንደመጣሁ ለወንድሜ ምርቃት 80 ዶላር ከፍዬ ከአንድ ሊከር ስቶር መስኮት ላይ አንስቼ ወሰድኩ። ስንከፍተው የተቀቀለ ዘቢብ ሆኗል። እንግዳ ፊት ነበር፣ ዛሬም ያመኛል።

ከሲያትል

ጋሼ፣ ስለ አገራችን ወይንስ? አንድ ጠርሙስ ቢቀመጥ አይከፋም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መነሳት ነበረበት። የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል ዝዋይ ላይ ማምረት የጀመራቸው «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ገበያ የወጡት። እዚህ ሐበሻ ሱቆች አንዳንዴ ያመጧቸዋል። እትዬ፣ ከ«ሪፍት ቫሊ» ሲራ የሚባለውን ቀይ ካገኙ ገና ሲገቡ ይክፈቱላቸው። ወይን የሚያውቅ ሰው የኢትዮጵያ ወይን ልቅመስ ማለቱ አይቀርም።

ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ትናንት አንድ ሪስሊንግና አንድ አልቤርዲ ገዝቼ ገባሁ። ከእሁድ የተረፈ ዶሮ ወጥ አሙቄ፣ ዋጋውን ሳልናገር ሪስሊንጉን ለባለቤቴ ቀዳሁለት። ዝም ብሎ በላ። ከዚያ ጠርሙሱን አንስቶ ጽሑፉን በመነጽር ማንበብ ጀመረ። «ይኼኛው መቶ ነው አይደል?» አለኝ። 27 ዶላር ነው ስለው ደረሰኙን አምጪ አለ። አሁን የቀረኝ ስንት ጠርሙስ ይበቃናል የሚለው ነው፤ ደግሞስ ነጩን ከፍሪጅ መቼ ላውጣ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

አንድ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለ12 ሰው አራት ቀይና አራት ነጭ ይያዙ። ነጩን ወጡ ከምድጃ ሲወርድ ያውጡት። ቀዩን ደግሞ ከመክፈትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ያስገቡት፤ ቤታችን እንግዳ ሲበዛ ይሞቃል።