የሳፋሪ ጉዞ የዕቅድ ውይይት፦ አራት ፓርክ ወይስ አንድ ሸለቆ?

ሰብሳቢ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የሳፋሪ ዕቅድ ሁለት ረቂቅ አለው። አንዱ የኬንያውን ማሳይ ማራን፣ የታንዛኒያዎቹን ሴሬንጌቲን፣ ንጎሮንጎሮንና ታራንጊሬን በስምንት ቀን ያዳርሳል። ሌላው ዛምቢያ ሄዶ ሉዋንግዋ ሸለቆ ውስጥ ባለው ደቡብ ሉዋንግዋ ፓርክ ዘጠኝ ሌሊት ያድራል፤ ሌላ ፓርክ የለም። ተከራክረን አንድ እናድርገው።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ የሁለተኛው ነኝ። የመጀመሪያውን ሰዓት በሰዓት አየሁት፤ ብዙው ቀን ኬላ፣ አቧራና ሻንጣ መጫን ነው። ገንዘቡም የሚያልቀው እዚያው መንገድ ላይ ነው። አንድ ቦታ ሰንበት ለሚል እንግዳ ግን ብዙ ካምፖች ቅናሽ ያደርጋሉ።

የፎቶ ቡድን ተጠሪ፦ ቆይ ቆይ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዊልደቢስት፣ ያ በመንጋ የሚሰደደው ቀንዳም የሣር በል እንስሳ፣ የሚተምበትን ምድር ትተን? የማራን ወንዝ ሲሻገሩ ሳላይማ አይሆንም።

ጸሐፊ፦ ይሄ እኮ የእኛን ሐሳብ ነው የሚያግዘው። መንጋው ወንዙ ዳር ደርሶ ለሰዓታት ይቆማል፤ አንዳንዴም ያመነታና ይመለሳል። ለወንዙ አንድ ቀን ብቻ የመደበ ቡድን ምናልባት የሚያየው የቆሙ መኪናዎችን ነው። ማራ ከሆነ ማራ ብቻ እንሂድና ሳምንት እንቀመጥ። እኔ የምቃወመው ሩጫውን ነው።

ሉዋንግዋን የመረጥኩት በእግር ስለሚኬድ ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሰው የነበረው ኖርማን ካር እ.ኤ.አ. በ1950 ከአካባቢው አለቃ ከንሴፉ ጋር ተስማምቶ ለጎብኝዎች ካምፕ የከፈተው፣ በኋላም የእግር ሳፋሪን ያስለመደው እዚያ ነው። ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ትወጣላችሁ። ፊት ፊት ጠመንጃ የያዘ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ)፣ ቀጥሎ አስጎብኚው፣ ከዚያ እናንተ በሰልፍ። ሞተር ስለሌለ ጆሮ ሥራ ያገኛል። ኢምፓላ የሚባለው የሜዳ ፍየል መሰል እንስሳ ድንገት ከጮኸ ነብር አይቶ ይሆናል። ጎሽ ጀርባ ላይ የሚውሉት ወፎች እየተንጫጩ ከተነሡ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ጎሽ ሊኖር ይችላል። የጅብ ኩስ ለምን ነጭ ሆነ ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙም የሚያጣድፋችሁ የለም። (አጥንት ስለሚበላ ነው።)

መሰንበት ደግሞ የራሱ ጣዕም አለው። የመጀመሪያ ቀን ያገኘነውን ዝሆን ሁሉ ፎቶ እናነሣለን። ከጥቂት ቀን በኋላ መንጋውን የምትመራው አሮጊት የትኛዋ እንደሆነች፣ ግልገሉ ከማን እግር ሥር እንደማይጠፋ እንለያለን። አንበሳም በቀን እስከ 20 ሰዓት የሚተኛ እንስሳ ነው። አምስት ደቂቃ አይቶት የሚሄድ ሰው እንቅልፍ አይቶ ነው የሚመለሰው።

አዲስ አባል፦ አምስቱንም ትልልቆች፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስን፣ እናያለን?

ጸሐፊ፦ አናይም። ደቡብ ሉዋንግዋ ውስጥ አውራሪስ የለም፤ ሕገ ወጥ አዳኝ ሰዎች ጨርሰውታል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተመለሰው ወደ ሰሜን ሉዋንግዋ ነው። ይህን ደብቀን ድምፅ አንሰበስብም፤ ረቂቁ ላይ ይጻፍ። ነብር ግን በሌሊቱ የመኪና ጉዞ የማየት ዕድላችን ጥሩ ነው።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ልጆች፣ የኔ ጉልበት ሦስት ሰዓት አያስኬድም። ካምፕ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው?

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ከሁላችንም የተሻለ ሊያዩ ይችላሉ እኮ። ወንዝ ዳር ያለ ካምፕ እንመርጣለን፤ ጉማሬው ፊት ለፊትዎ ነው። በደረቁ ወራት እንስሳው ራሱ ውሃ ፍለጋ ይመጣል። በመስከረም ደግሞ ንብ በል የሚባሉት ቀያይ ወፎች የወንዙን ገደል ቦርቡረው ጎጆ ይሠራሉ። ለማይራመድም መኪና አለ።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ቀትር ላይ ነፃ ሰዓት ይኑር ተብሎ ይጻፍ። እንቅልፌን በፕሮግራም የሚሞላብኝ ሰው አልፈልግም።

የፎቶ ቡድን ተጠሪ፦ እሺ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ እስማማለሁ። የሬዲዮው ነገር ይታሰብበት። አንዱ ሾፌር አንበሳ አየሁ ሲል ሁሉም መኪና ይበራል፤ ያለንበትን ትተን እንከተላለን። ይህን እንደማንፈልግ ለአስጎብኚዎቹ ቀድመን እንንገር።

ገንዘብ ያዥ፦ ደግፌያለሁ። ጥቅምት ይቅር፣ ሙቀቱ አይቻልም። በእግር የሚሄደው ቡድን ትንሽ መሆን ስላለበት ለሁለት እንከፈላለን። አደራ፣ ጠዋት የሚያረፍድ ሰው ከኔ ጋር እንዳይመደብ።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ፤ ረቂቁ እንዲህ ይታረማል፦ አንድ ሸለቆ፣ ሁለት ካምፕ፣ ዘጠኝ ሌሊት፣ በመስከረም። ጠዋት በእግር ወይም በመኪና፣ ቀትር ላይ ነፃ፣ በሬዲዮ ጥሪ መሯሯጥ የለም። አውራሪስ እንደማይታይ በግልጽ ይነገራል። ማራ ለሚቀጥለው ጉዞ ለብቻው ይያዝ። ገንዘብ ያዥ የካምፖቹን ዋጋ፣ ጸሐፊ ስለ ወባ መድኃኒትና ስለ ፄፄ ዝንብ ማስታወሻ እስከ ዓርብ ያምጡ። ዝንቧ ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ ስለምትወድ፣ ማስታወሻው ሰው ልብስ ከመግዛቱ በፊት ይድረሰው።