ሁሉም አንቀጽ ፩ ሆነብኝ፣ ስብሰባው ነገ ጠዋት ነው

የእድር_ጸሐፊ፦ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት ጠቅላላ ጉባኤው የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ከድረ ገጹ በፕሮጀክተር እያየ ያጸድቃል። የአንቀጹን ቁጥር በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ)፣ በቢፎር (ከጽሑፉ በፊት ይዘት በሚያስገባው) ነው ያስገባሁት። «አንቀጽ» የሚለው ቃል በትክክል ይወጣል፤ ቁጥሩ ግን ከላይ እስከ ታች ፩ ነው። ስልክ ላይ ስለሆንኩ ኮዱን መለጠፍ አልቻልኩም።

ቡና_በጨው፦ ሁሉም አንደኛ ከወጡማ ሽልማት አዘጋጁላቸው እንጂ!

ፊደል_ቆጣሪ፦ መሠረቱን እንያዝ። በቢፎርና በአፍተር (ከጽሑፉ በኋላ) ይዘት ማስገባት የመጣው በሲኤስኤስ 2፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ከፊቱ በአንድ ኮለን (:) ይጻፍ ነበር፤ አሁን በሁለት ነው፣ የድሮውም ይሠራል። ኮንቴንት (የሚገባው ይዘት) ካልተጻፈ ግን ምንም አይወጣም። ምስል ላይም አትሞክረው።

የእድር_ጸሐፊ፦ ኮንቴንቱ አለ፤ ቃሉ ይወጣል አልኩ እኮ! የማይቆጥረው ቁጥሩ ነው።

የመርካቶ_ኮደር፦ ካውንተር ሪሴትን (ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የሚመልሰውን) የት ጻፍከው?

የእድር_ጸሐፊ፦ ሪሴቱም ኢንክሪመንቱም (አንድ የሚጨምረው) ሴክሽን ላይ ነው። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ሴክሽን ነው።

የመርካቶ_ኮደር፦ በቃ እሱ ነው። አዲስ አንቀጽ በመጣ ቁጥር ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለስና አንድ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁሌ ፩። ሪሴቱን ከዚያ አንሳው።

ሰረዝ_ነጥብ፦ ሪሴቱን አጥፋው፣ ይሠራል።

የእድር_ጸሐፊ፦ አጠፋሁት፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ምዕራፍ አንድ ከ፩ እስከ ፮ ተስተካከለ። ምዕራፍ ሁለት ግን እንደገና ከ፩ ጀመረ!

አዋጅ_አንባቢ፦ ወንድሜ፣ የደንብ ቁጥር መጀመሪያውኑ በስታይል ሺት፣ በሲኤስኤስ፣ መጻፍ የለበትም። ቁጥሩ ጌጥ አይደለም፣ የሕጉ አካል ነው። አባል ከገጹ ገልብጦ ቴሌግራም ላይ ሲለጥፈው ቁጥሩ አብሮት አይሄድም። ከመካከል አንድ አንቀጽ ብትጨምር ከሱ በታች ያለው በሙሉ ይገፋል፤ «በአንቀጽ ፱ መሠረት» የሚለው የድሮ ቃለ ጉባኤ ሌላ አንቀጽ ይጠቁማል። በዲስፕሌይ ነን ለስልክ የደበቅከው አንቀጽ ካለም አይቆጠርም፤ በስልክና በኮምፒውተር የተለያየ ደንብ ይኖራችኋል። ኤችቲኤምኤሉ (ጽሑፉ ራሱ ያለበት ኮድ) ውስጥ በእጅህ ጻፈው።

ሰረዝ_ነጥብ፦ ሪሴቱን አጥፋ ተብሏል እኮ።

የእድር_ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ሐሳብዎን ተቀብያለሁ፤ ግን ረቂቅ ነው፣ ነገ ጉባኤው አንቀጽ ያወጣል ያስገባል። ቁጥሩ ራሱ እንዲስተካከል የፈለግኩት ለዚያ ነው።

አዋጅ_አንባቢ፦ ለረቂቅ ይሁን። ሲጸድቅ ግን ቁጥሩን ወደ ጽሑፉ አስገባው፤ በዚህ አልደራደርም።

የመርካቶ_ኮደር፦ ምዕራፎቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ዲቪ (የገጹን ክፍል በሚይዝ ሳጥን) ውስጥ ናቸው፣ አይደል? ሪሴት ከሌለ ቆጣሪው የሚወለደው መጀመሪያ በተጨመረበት ቦታ ነው፣ ከዚያ ዲቪ ውጭ አይታወቅም። ሪሴቱን ሁሉንም ምዕራፎች የያዘው የውጭ ዲቪ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፈው። ኢንክሪመንቱ ሴክሽን ላይ ይቆይ። ምዕራፉንም በቁጥር ካወጣኸው ሌላ ስም ያለው ቆጣሪ ስጠው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥትም እንዲሁ ነው፤ 11 ምዕራፍ ቢኖረውም አንቀጹ ሳይቋረጥ እስከ 106 ይቆጥራል፣ ምዕራፍ ሁለት የሚጀምረው ከአንቀጽ 8 ነው።

ቡና_በጨው፦ ጸሐፊው ጠፋ። ደንቡ ጸደቀ ወይስ ፕሮጀክተሩ እምቢ አለ?

አዲስ_ገቢ፦ ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። ኢትዮፒክ ኒውሜሪክ (ቆጣሪውን በግዕዝ ቁጥር የሚያወጣውን) ብዬ ጽፌ የእኔ ሁሉም 0 ይላል፣ ያውም በፈረንጅ ቁጥር። ለምን?

የመርካቶ_ኮደር፦ ሪሴት አለህ፣ ኢንክሪመንት የለህም፤ ወይም የሁለቱ ስም አይመሳሰልም። ግዕዝ ዜሮ ስለሌለው ብራውዘሩ ወደ ተራው ቁጥር ይመለሳል። የስሙን አጻጻፍ ፊደል በፊደል አስተያይ።