ከንፈሬ ደንዝዟል፣ ጥርሴ ግን እምቢ አለ! ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ፣ እርዱኝ

ሚሚ_ሚ (ጠያቂ)፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ የታች መንጋጋ ጥርሴን ሩት ካናል (የጥርሱን የውስጥ ነርቭ አውጥቶ የመሙላት ሕክምና) ልጀምር ሄጄ ዶክተሩ ደጋግሞ ወጋኝ። ከንፈሬ፣ አገጬ፣ ግማሽ ምላሴ ድንዝዝ ብሏል፣ ብነክሰውም አይሰማኝም። መሰርሰሪያው ጥርሱን ሲነካው ግን ከወንበሩ ላይ ዘልዬ ተነሳሁ። በመጨረሻ በጊዜያዊ ሙሊት ደፈነውና «የነርቭሽ ቦይ ሁለት ሳይሆን አይቀርም፣ ነገ እንሞክራለን» ብሎ ሸኘኝ። እንዲህ የሚባል ነገር አለ? ወይስ ሊያጽናናኝ ነው? ነገም እንደዛሬው ከሆነ አልችልም።

ጨዋታ_ወዳድ፦ ሁለት ነርቭ ካለሽ አንዱን አበድሪኝ፣ የእኔን አለቃዬ ጨርሶታል። ቀልዱን ትተን፣ አይዞሽ እህቴ። አርቲኬይን የሚባል ማደንዘዣ አለ፣ እሱን ጠይቂ።

ቀጥታ_ነው፦ ሁለት ቦይ ምናምን ሰበብ ነው። መርፌውን ቦታው ላይ አላደረሰውም፣ አለቀ። ሐኪም ቀይሪ።

የጥርስ_ሕክምና_ተማሪ፦ ሰበብ አይደለም፣ በደንብ አለ። የታች ጥርሶችን የሚያገለግለው ነርቭ ከመጨረሻው ጥርስ ኋላ ከፍ ብሎ፣ በመንጋጋ አጥንቱ የውስጥ ገጽ ላይ ባለች ቀዳዳ ይገባል። ከዚያ በአጥንቱ ውስጥ በቦይ እየሄደ ለየጥርሱ ሥር ቅርንጫፍ ይሰጣል፣ ትንንሾቹ መንጋጋ ጥርሶች ጋ ሲደርስ አንዱ ክፍል በአገጭ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ከንፈር ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ፊት ጥርሶች ይቀጥላል። መጽሐፍ ላይ አንድ ንጹሕ መስመር ነው። አጥንቱን በእጅ ሲይዙት ግን ሌላ ነው። እኛ ከምናጠናባቸው መንጋጋዎች አንዱ በግራ በኩል ሁለት የአገጭ ቀዳዳ አለው፤ ከትልቁ ኋላ የመርፌ ጫፍ የምታህል ሌላ አለች፣ ቀጭን ሽቦ ስንሰድባት ወደ ዋናው ቦይ ገባች። ቦዩ ራሱ ለሁለት የሚከፈልባቸው ሰዎችም አሉ፤ ላንግሌይስ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. በአራት ዓይነት መድበውታል። በተለመደው ጠፍጣፋ የመንጋጋ ራጅ ከ100 ሰው በአንዱ ግድም ነበር የሚገኘው። ባለ ሦስት አውታር ስካን ሲመጣ ግን ቁጥሩ ዘለለ፤ 15 በመቶ አካባቢ ያገኙም 65 በመቶ ያገኙም ጥናቶች አሉ።

ቤቢ_27፦ አርቲኬይን። ሌላ ወሬ አያስፈልግም።

ቀጥታ_ነው፦ ተማሪው፣ ይሄ ሁሉ ትምህርት ለነገ ጠዋት ምን ይረዳታል?

ጡረተኛ_ሐኪም፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ የትኛው ጥርስ ነው? ብርድ ሲነካው ለረጅም ጊዜ ይጠዘጥዛል? ሌሊት ያስነሳሻል? እሱን አልነገርሽንም። ከንፈርሽ ከደነዘዘ መርፌው ዋናውን ነርቭ አግኝቶታል፣ ስለዚህ «አላደረሰውም» የሚለው አያስኬድም። ግን የከንፈር መደንዘዝ ለጥርሱ ማረጋገጫ አይሆንም። እኔ ከሁለተኛ ቦይ በፊት የምጠረጥረው የጥርሱን መቆጣት ነው፤ የተቆጣ ነርቭ ማደንዘዣውን ይቋቋማል። ሁለተኛ የምጠረጥረው ወደ ቦዩ ከመግባቱ በፊት የሚገነጠለውን ቅርንጫፍ ነው፤ ከምላስ ሥር ወዳለው ጡንቻ ይሄዳል፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ግን በምላስ በኩል ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ለመንጋጋ ጥርስም ይደርሳል። የተከፈለ ቦይ ሦስተኛ ነው።

ለሦስቱም መላ አለው። በጉንጭ በኩል ከጥርሱ አጠገብ አርቲኬይን መጨመር፣ በጥርሱና በአጥንቱ መካከል ባለው ጅማት መውጋት፣ ወይም ጎው-ጌትስ የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1973 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ከፍ ያለ መርፌ። እሱ መንጋጋው ከጆሮ ፊት ወደሚታጠፍበት ይጠጋል፣ ነርቮቹ ሳይበታተኑ ያገኛቸዋል። አፍሽን በሰፊው ከፍተሽ መቆየት አለብሽ፣ እስኪሠራም 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ዶክተሩን አታስቸኩዪው። ከመሰርሰሩ በፊት ጥርሱን በብርድ እንዲፈትንልሽ ጠይቂ። ብርዱ ከተሰማሽ ገና ነው ማለት ነው። የልብ ችግር ወይም የደም ግፊት ካለብሽ፣ የምትወስጂው መድኃኒትም ካለ ንገሪው፤ የማደንዘዣው መጠን በክብደት ልክ ወሰን አለው፣ ዝም ብሎ አይጨመርም።

ሚሚ_ሚ፦ እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር! የታች ግራ፣ ከመጨረሻው በፊት ያለው ነው። አዎ፣ ሌሊት ያስነሳኛል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከጠጣሁ በኋላ ብዙ ይቆያል። ደግሞ ራጁ ላይ ከጥርሱ ሥር ሁለት መስመር አየሁ፣ ስልኬ ላይ አለኝ። እሱ አይደለም ቦዩ?

ሁሉን_ሞካሪ፦ ባለ ሦስት አውታር ስካን አሠሪ ዛሬውኑ! ካላየሽ አትቀመጪ።

ጡረተኛ_ሐኪም፦ ለማደንዘዝ ብቻ ስካን አያስፈልግም። የመጨረሻ ጥርስ ሲነቀል ወይም በአጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስ ሲታሰብ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ቦዩ የት እንዳለ በትክክል ማወቅ ግዴታ ነው፣ ከሚተከለው ጥርስ ጫፍ እስከ ቦዩ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ይተዋል። ሚሚ፣ በጠፍጣፋ ራጅ ላይ ሁለት መስመር ማየት ብቻውን አይበቃም። በአጥንቱ የውስጥ ገጽ ላይ ያቺው የጡንቻ ነርቭ የምትሄድበት ጎድጓዳ መስመር አለች፣ በራጁ ላይ ተደርባ ሁለተኛ ቦይ ትመስላለች። የነገርሽኝ ምልክት ግን ወደ መቆጣቱ ያደላል። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ እርግዝና ወይም አለርጂ ከሌለብሽ፣ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ አይቡፕሮፌን መውሰድ ይረዳ እንደሆነ ደውለሽ ዶክተሩን ጠይቂው። ከመንጋጋሽ ሥር ካበጠ፣ መዋጥ ካቃተሽ ወይም አፍሽ አልከፈት ካለ ግን ጠዋትን አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ቤቢ_27፦ አርቲኬይን ብዬ ነበር እኮ።

የጥርስ_ሕክምና_ተማሪ፦ ዶክተር፣ ከመጨረሻው ጥርስ ኋላ ባለው አጥንት ላይ የምትከፈተውን ትንሽ ቀዳዳስ ረሷት?

ጡረተኛ_ሐኪም፦ አልረሳኋትም። እሷም ከቦዩ የሚወጣ ቅርንጫፍና የደም ሥር ታሳልፋለች፣ እዚያ ቦታ ሲቀደድ ደም የሚያስቸግረው አንዳንዴ በእሷ ነው። ለሚሚ ግን የሚጠቅማት ሌላ ነው፦ ነገ የሠራው መርፌ የቱ እንደሆነ ካርዷ ላይ ይጻፍላት። የሚቀጥለው ሐኪም ከዚያ ይጀምራል።

ጨዋታ_ወዳድ፦ ሚሚ፣ ነገ እንዴት እንደሆነ ጻፊልን።