«ውጅግራ» ማለት ምንድን ነው? ስሙስ ከየት መጣ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቅድመ አያቴን ኑዛዜ በኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። ከመሬቱና ከበሬዎቹ ቀጥሎ «አንድ ውጅግራ ከአርባ ጥይት ጋር ለታላቁ ልጄ» ይላል። ጠመንጃ መሆኑ ገብቶኛል። አክስቴ ግን «በግራ እጅ ለሚተኩስ የተሠራ ነው፤ ስሙ ራሱ ግራ ይላል» ብላ ድርቅ አለች። ቅድመ አያቴ ግራኝ አልነበሩም። ለልጆቹ ከግርጌ ማብራሪያ መጻፍ ስላለብኝ የምታውቁ እርዱኝ።

የሰፈር ልጅ፦ እኔም የሰማሁት እንደ አክስትህ ነው። ምናልባት ግራ ትከሻ ላይ ስለሚነገት ይሆን?

ጡረተኛ መምህር፦ ኧረ ከግራና ከቀኝ ጋር ምንም አያገናኘውም! እንዲያውም ማቀባበያው በስተቀኝ ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፦ «ፉዚ» ጠመንጃ፣ «ግራ» ደግሞ የሰው ስም፤ ባዚል ግራ የሚባል የጦር መኮንን። ሲጻፍ «ፉዚል ግራስ» ነው፤ ፈረንሳዮቹ ግን የመጨረሻዎቹን ፊደላት አይጠሯቸውም። የእኛ ሰው የያዘው በጆሮው የሰማውን ነው። «ዚ» ወደ «ጅ» መዞሩ አይግረምህ፤ ከ«ገዛ» ገዥ፣ ከ«ያዘ» ያዥ የምንል ሰዎች ነን። «ፉ»ም በአፍ ስትመላለስ ላልታ «ው» ሆነች።

ጠመንጃው እንደ ፈረንጆቹ የ1874 ሥሪት ነው። ከሱ በፊት የነበረው ሻስፖ በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድ ነበር የሚጎርሰው፤ ግራ ያንኑ የናስ ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ አሻሻለው። አንድ ጎራሽ ነው፤ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ ጭሱም ብዙ። ፈረንሳይ እንደ ፈረንጆቹ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ስትታጠቅ አሮጌው ለገበያ ወጣ፤ ወደ እኛም በቀይ ባሕር ወደቦች ገባ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነው።

ድሬ፦ መትረየስም እንደዚሁ ከፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» የመጣ ነው። ይልቅ አርባውን ጥይት እንዳታልፈው። በዚያ ዘመን የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ይመነዘር ነበር፤ ስለዚህ ለልጃቸው ያወረሱት የሚተኮስ ብቻ ሳይሆን የሚገበያዩበትም ነው።

ጠያቂ፦ ጋሼ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ድሬም አመሰግናለሁ። ግርጌው ላይ «ውጅግራ፦ በፈረንሳዊው መኮንን በግራ ስም የተጠራ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ» ብዬ ጻፍኩ። ለአክስቴ ሳነብላት ትንሽ አሰብ አደረገችና «እንግዲያው ግራኝ ፈረንሳዩ ነበራ!» አለችኝ።